ለክላውድ ከመክፈላችሁ በፊት፦ ጎግል ዋን፣ አይክላውድ ወይስ ሃርድ ዲስክ?

ባለፈው ሰሞን እህቴ ስልኳን ይዛ እየተጣደፈች መጣች። «ኢሜይሌ መልእክት መቀበል አቁሟል፤ ስቶሬጅ ሞልቷል ይለኛል፤ ቶሎ ክፈልልኝ» አለችኝ። ሥራ ያመለከተችበት መሥሪያ ቤት የፈተና ቀጠሮ ልኮላት ኖሮ ተመልሶበታል። ስልኩን ተቀብዬ ሳየው 15 ጂቢው ጢም ብሏል። ከዚያ ውስጥ 6 ጂቢውን የያዘው የዋትስአፕ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ነው። ዋትስአፑን ከፍተን ስናየው ከየግሩፑ የመጣ የ«እንኳን አደረሳችሁ» ካርድ፣ ሦስት ግሩፕ ላይ የተለጠፈ ያው አንድ ቪዲዮ፣ የአክስታችን ልጅ ሰርግ ላይ በጨለማ የተቀረጸ የአሥር ደቂቃ እስክስታ፣ ምኑ ቅጡ። አንድ ሰዓት ተቀምጠን አጸዳን። ወደ 5 ጂቢ የሚሆን ቦታ ተለቀቀ። መሥሪያ ቤቱም ደግሞ እንዲልክላት ደወለች። ምንም አልከፈልንም።

እኔ በዶላር የሚቆረጥ ገንዘብ ለማይፈለግ ፋይል ሲወጣ በጣም ያንገበግበኛል። ስለዚህ መጀመሪያ አጽዱ፤ ክላውድ፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ ያለ የፋይል ማስቀመጫ፣ ከዚያ ግዙ።

ጎግል 15 ጂቢ በነጻ ይሰጣል፤ ጂሜይል፣ ድራይቭና ፎቶስ ይካፈሉታል። ድሮ ጥራታቸው ቀነስ ተደርጎ የሚቀመጡ ፎቶዎች አይቆጠሩም ነበር፤ ከጁን 2021 ወዲህ የገቡት ግን ይቆጠራሉ። የአንድሮይድ ዋትስአፕ ባክአፕም ከ2024 መግቢያ ጀምሮ እዚያው ላይ ተደመረ። ብዙ ሰው «ምንም ሳልጨምር ሞላብኝ» የሚለው ለዚህ ነው። አፕል የሚሰጠው 5 ጂቢ ብቻ ነው፤ የማይክሮሶፍት ዋንድራይቭም እንዲሁ።

ወደ ክፍያው ስንመጣ፣ በአሜሪካ ዋጋ ጎግል ዋን (የጎግል የሚከፈልበት ማስቀመጫ) 100 ጂቢ በወር 1.99 ዶላር ነው፤ የዓመቱን በአንዴ ከከፈላችሁ 19.99። የአፕሉ አይክላውድ 50 ጂቢ በወር 0.99፣ 200 ጂቢ 2.99 ዶላር ነው። 2 ቲቢ (2,000 ጂቢ ገደማ) ሁለቱም ጋ 9.99 ነው። ለውጭ አገር ሰው ይሄ የቡና ዋጋ ሊሆን ይችላል። እኛ ጋ ግን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ያው ዶላር በብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ ካርዱም የውጭ ክፍያ የሚቀበል መሆን አለበት።

የትኛው ይሻላል? አንድሮይድ የያዘ ሰው ጎግል ዋንን ይውሰድ፤ አይፎን የያዘ አይክላውድን። ሙሉ የአይፎን ባክአፕ ወደ ጎግል ስለማይሄድ ሁለቱንም መክፈል ኪሳራ ነው። የአይፎን ሰው ከመክፈሉ በፊት ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ የድሮ ስልኩ ባክአፕ እዚያ ተቀምጦ እንደሆነ ይይ። ብዙ ጊዜ ቦታውን የበላው እሱ ነው። ከጸዳ በኋላ 50 ጂቢው ለአብዛኛው ሰው ይበቃዋል።

ዋሽንግተን ያለ ወንድም «በኔ ጎግል ዋን ፋሚሊ አስገባሃለሁ» ካለ ደግሞ አትቁጠሩበት። ለአምስት ተጨማሪ ሰው ማካፈል ይቻላል፤ ነገር ግን ጎግል የቤተሰቡ አባላት አንድ አገር ውስጥ እንዲሆኑ ይጠይቃል።

ስታጸዱ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፤ እዚህ ላይ አደራ ተጠንቀቁ። ጎግል ፎቶስ ላይ «ፍሪ አፕ ስፔስ» የሚለው ስልኩን እንጂ ክላውዱን አያቀልም። ያንን እየተጫኑ «ኧረ አልቀነሰም» የሚሉ ብዙ ናቸው። አይክላውድ ፎቶስ ክፍት ከሆነ ደግሞ ከስልኩ ያጠፋችሁት ፎቶ ከክላውዱም ይጠፋል። ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ባክአፕ አለኝ ብላችሁ እንዳታጠፉ። የጂሜይልና የድራይቭ ትራሽ እስኪራገፍ ድረስ ቦታ እንደያዘ ነው፤ ካልነካችሁት 30 ቀን ይቆያል። ዋትስአፕ ላይ ካጸዳችሁ በኋላም ባክአፑን እንደገና አስነሱት፤ አለበለዚያ የድሮው እንዳለ ይቆያል። ከባክአፑ ቪዲዮን ማስቀረትም ይቻላል፤ እህቴ እንደዚያ ነው ያደረገችው።

ሃርድ ዲስክ አንዴ ይገዛል፣ ወርሃዊ ክፍያ የለውም፣ ኢንተርኔት አይበላም። ለሰርግና ለክርስትና ቪዲዮ እሱን እመርጣለሁ። ግን አንዴ ከእጅ ወድቆ ሊሞት ይችላል። የልጆቻችሁ ፎቶ እዚያ ብቻ ከሆነ በጣም አስጊ ነው፤ ሁለት ገዝታችሁ አንዱን ሌላ ቤት፣ ለምሳሌ እናታችሁ ጋ አስቀምጡት።

ቴሌግራምን እንደ ነጻ መጋዘን የሚጠቀምም አለ። አንድ ፋይል እስከ 2 ጂቢ ይቀበላል፣ ጠቅላላው ገደብ የለውም። ፎቶ ስታስገቡ «ፋይል» ብላችሁ ላኩት፤ በፎቶ መልክ ከሄደ ጥራቱ ይቀንሳል። አካውንቱ ግን ለረጅም ጊዜ ካልተከፈተ ራሱን ያጠፋል፤ የታሰረውም በስልክ ቁጥራችሁ ነው። ለፒዲኤፍና ለመዝሙር ይሁን። የመታወቂያና የዲግሪ ኮፒ ግን ሌላም ቦታ ይኑራችሁ።