የአባዬን ቮልስ ፓምፕ ላስጮኸልን ልጅ ምስጋና

ሰላም የማርቆስ ልጆች፣ ሰላም ጎጃሞች! ፖስት የማድረግ ልምዱ የለኝም ግን ይሄን ልጅ ዝም ብዬ ባልፈው ይቆረቁረኛል።

የአባዬን ቮልስ ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ፣ በፈረንጅ የ1971 ናት። ባለፈው እሁድ ደምበጫ ለቅሶ ደርሰን ስንመለስ አማኑኤልን አለፍ እንዳልን ሁለቴ ተንገጫግጫ ቀጥ አለች። ሞተሪኖው (ማስነሻው) ያዞራል ግን አትነሳም። ቮልስ ከፋብሪካ ስትወጣ ቤንዚን የሚስብላት በራሱ በሞተሩ ጉልበት የሚሰራ ፓምፕ ነበር፣ የኛዋ ግን እሱ ከሞተባት ቆይቶ ፊት ለፊት ሰልባትዮው (ቤንዚን መያዣው) ስር የኤሌትሪክ ፓምፕ ነው የተገጠመላት፣ ቁልፍ ስትከፍት ጢዝዝ የሚለው ያ ነው። አሁን ጭጭ። አባዬ ወርዶ በካቻቢቴ እጀታ ኳ ኳ አረገው፣ ድሮ እንዲህ ሲመታ ይነሳ ነበር ይላል፣ ምንም የለም።

ተጎትተን ማርቆስ ገባን። መጀመሪያ ያየው መካኒክ (ስም አልጠራም) ቴስተር እንኳን ሳያወጣ "ፓምፑ ሞቷል፣ 6,500 ብር አምጡ" አለን። ብሩን ልልክ ስል ነው ጎረቤታችን ይሄን ኤሌትሪሺያን የጠቆመኝ።

ልጁ በባጃጅ መጣ። "አባባ እርስዎ ቁልፉን ብቻ ይክፈቱልኝ" አለና ጆሮውን አስጠጋ። ከዛ ፊውዝ። የቮልስ ፊውዝ መቼም ጥይት መሳይ ናት፣ ጫፎቿ ላይ ዝገት ይይዛታል፣ እያንዳንዷን በጣቱ አሽከረከራት፣ አንዷ አረንጓዴ ሆና አገኛትና በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጋት፣ ፓምፑ አሁንም ዝም። ወደ ፓምፑ የሚመጣውን ሽቦ ሲለካ 12 ቮልት አለ። እኔ አዋቂው "ኤሌትሪክ ከደረሰ እንግዲያ ፓምፑ ነዋ" ስል ሳቀብኝ። ቴስተሩን አንዱን ጫፍ ፓምፑ ማሳ (ኤሌትሪኩ የሚመለስበት ሽቦ) ላይ ሌላውን ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አርጎ "እየው" አለኝ፣ 11 ምናምን ይላል፣ ዜሮ አካባቢ መሆን ነበረበት። መግቢያ አለው መመለሻ የለውም ማለት ነው። ረጅም ሽቦ ከፓምፑ አስሮ እስከ ኋላ ወንበር ስር ድረስ ጎተተ (ባትሪዋ እዛ ነው)፣ ቤንዚን አጠገብ ብልጭታ አልፈልግም ብሎ የመጨረሻውን ጫፍ ባትሪው ጋ ነካ ሲያደርገው ጢዝዝዝዝ! አባዬ ጋቢውን እንደለበሰ "በለው!" አለ።

ማሳው የታሰረበት ብሎን በጭቃና በዝገት ተበልቶ ነው ለካ። ነጭ ብረት እስኪወጣ ፋቀው፣ አዲስ ሽቦ አስሮ ግሪስ ቀባው፣ አለቀ። 400 ብር! ሊሸጥልን የነበረውን ፓምፕ ፎቶ ሳሳየው ደግሞ የኢንጀክሽን (ቤንዚን በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ) መኪና ነው፣ የዚህች ካርቦራተር ያንን ግፊት ስለማይችል ቤንዚን ያፈስባችሁ ነበር አለኝ። በዛ ላይ ሞተር ድንገት ቢጠፋ ፓምፑም አብሮ የሚጠፋበት ሪሌ (በራሱ የሚያጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ) እንድናስገባ መክሮናል፣ ያለሱ አደጋ ቢደርስ ቁልፉ ክፍት እስካለ ቤንዚን መግፋቱን አያቆምም። ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ ይዘናል። ምሳ ብንለው ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ አልቀምስም ብሎ ሄደ።

አሮጌ መኪና ያላችሁ፣ በተለይ "ቀይረው" እየተባላችሁ ኪሳችሁ የተራቆተ፣ ስልኩን ኢንቦክስ ጠይቁኝ፣ እዚህ አትለጥፍ ብሎኛል።

አባዬ አሁን ጠዋት ጠዋት ቁልፍ ከፍቶ ጢዝ ሲል ሰምቶ ይዘጋል፣ ሞተር እንኳን አያስነሳም። ባትሪውን ሲጨርሰው እንደገና እንጠራሃለን ወንድሜ።