ደሴ ላይ ቅርጻ ቅርጽ ልማር ብዬ

የምኖረው ካናዳ፣ ካልጋሪ ነው። እዚያ ሁለት ክረምት የማታ የቅርጻ ቅርጽ ኮርስ ወስጃለሁ። ጡረተኞች፣ ሁለት ነርሶች፣ አንድ የአውቶቡስ ሹፌርና እኔ ማክሰኞ ማክሰኞ ጭቃ ስናቦካ እናመሻለን። ዘንድሮ አምስት ሳምንት ፈቃድ አግኝቼ ደሴ ስገባ፣ እጄ እንዳይፈታ ብዬ የሚያስተምረኝ ሰው ፍለጋ ወጣሁ። ስትመጡ እንደኔ የሚያምራችሁ ካለ የገጠመኝን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ስልኬ ላይ ፈለግኩ። ቴሌግራም ላይ «ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ ለሁሉም ዕድሜ» የሚል ማስታወቂያ አገኘሁ። ደውዬ በቴሌብር 500 ብር መመዝገቢያ ላክሁ። ፒያሳ አካባቢ፣ ፎቅ ላይ ነው። ስደርስ አሥራ ምናምን ሕጻናት በእርሳስ ፖም ይሥላሉ። አስተማሪው ትሑት ልጅ ነው። «ቅርጻ ቅርጹን ተማሪ ሲመጣ እንጀምራለን ብለን ነው እትዬ» አለኝ። «ይኸው መጣሁ» አልኩት። ሳቀ። ጭቃ የለ፣ መቅረጫ የለ። ብሩን ግን ሳልጠይቀው መለሰልኝ፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ልጅ ያላችሁ ላኩለት፣ ሥዕሉን በደንብ ነው የሚያስተምረው።

ቀጥሎ አንድ የሙያ ማሠልጠኛ ሄድኩ፤ ስሙን ልተወው። ከዘበኛ ወደ ሬጅስትራር፣ ከሬጅስትራር ወደ አንድ ኃላፊ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። በሦስተኛው ቀን ሳገኛቸው የትምህርት ማስረጃዬን ጠየቁኝ። ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ከተማርኩ አርባ ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ ካርዱን አይጥ ይብላው ጎርፍ ይውሰደው ማን ያውቃል? ለሁለት ሳምንት ጭቃ ማቡካት ካርድ ምን ይሠራል አልኩ። በሆዴ ነው ያልኩት።

አዲስ አበባ የቀረ ዘመድ «አለ ትምህርት ቤት ሂጂ» ብሎኝ ነበር። ሠዓሊው አለ ፈለገሰላም በ1950 ዓ.ም. የከፈቱት፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ማለቱ ነው። ቅርጻ ቅርጽ ራሱን ችሎ የሚሰጥበት ቦታ ነው፣ እውነት ነው። ግን የመግቢያ ፈተና ያለው የዲግሪ ትምህርት ነው፤ ከደሴ ደግሞ 400 ኪሎ ሜትር። ለዕረፍት የመጣ ሰው የሚሞክረው አይደለም።

መፍትሔውን የሰጠኝ የባጃጅ ሾፌር ነው። «ሐውልት የሚሠሩትን ነው የሚፈልጉት? ኮምቦልቻ አሉኮ!»

በማግስቱ የሐረጎን ቁልቁለት በሚኒባስ ወረድኩ። (ከፊት ወንበር አትቀመጡ፣ ጠመዝማዛው ልብ ያወልቃል።) ቦታው ብረታ ብረት ቤት ነው የሚመስለው። በሩ ላይ ግማሽ አንበሳ ቆሟል፤ ፊቱና ጋማው አልቋል፣ ወገቡ ገና ፌሮ ነው። ባለቤቱ ለሆቴልና ለግቢ በር አንበሳ፣ ጀበና፣ ፈረስ ይሠራል። ኮርስ የሚባል ነገር የለውም። «ረዳት ሆነሽ ከዋልሽ ያው መማር ነው» አለኝ። በቀን 600 ብር ተስማማን።

ለአራት ቀን ከዚህ በላይ አልጠብቅም ነበር። ፌሮው ተበይዶ አጥንት ይሆናል። ላዩ ላይ የዶሮ ሽቦ ይጠመጠማል። ከዚያ አንድ እጅ ሲሚንቶ ለሦስት እጅ አሸዋ፣ ወፈር ተደርጎ ይለጠፋል። ጸጉሩ፣ ጥፍሩ፣ የአፍንጫው ቀዳዳ የሚወጣው ሲሚንቶው ሳይደርቅ ነው፤ ያቺ ሰዓት ካለፈች በመሮ መታገል ነው። ማታ ማታ እርጥብ ጆንያ ያለብሱታል። እኔ ለአቧራ መስሎኝ ነበር። ለካስ ሲሚንቶ ቶሎ ውኃው ከተነነ ይሰነጠቃል፣ ጥንካሬም አያገኝም፤ ሳምንት ያህል እርጥበት ይፈልጋል። ሁለት ቅሬታ አለኝ። አንደኛ፣ ጓንትና ማስክ የለም፤ ሲሚንቶ ቆዳ ይበላል፣ አቧራውም ለሳንባ ጠር ነው። ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ሁለተኛ፣ ሰውየው ከባድ ነገር ባነሳሁ ቁጥር «ኧረ ተቀመጪ እትዬ» እያለ ግማሹን ቀን በርጩማ ላይ አዋለኝ።

የልቤን ያገኘሁት ግን ደሴ ተመልሼ ነው። ሰኞ ገበያ ጀበና ስገዛ የምትሸጠዋን ሴትዮ ማን እንደሠራው ጠየቅኳት። «ማን ይሠራልኛል፣ እኔው ነኛ!» አለች። እንድታስተምረኝ ስለምናት ሰው የላከባት መሰላት። እውነቷን ነው። ልጅ ሆነን ሸክላ ሠሪ ቤት አትሂዱ፣ በዓይናቸው ይበሏችኋል እየተባልን ነው ያደግነው። በጀበናቸው ቡናችንን እየጠጣን! አሁንም ያረፍኩበት ቤት ሰዎች እዚያ መዋሌን ሲሰሙ ፊታቸው ተቀያየረ።

ሁለተኛ ቀን ስኳርና ቡና ይዤ ስሄድ ተቀበለችኝ። አፈሩን ወቅታ፣ ነፍታ፣ የተሰበረ ሸክላ ገል ፈጭታ ትቀላቅልበታለች። ገሉ አንዴ እሳት ስለቀመሰ ከእንግዲህ አይኮማተርም፤ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል። ካልጋሪ ግሮግ እያልን በከረጢት የምንገዛው ይሄንኑ ነው። በእግር ይረገጣል፣ ያድራል፣ እንደገና ይረገጣል። መሽከርከሪያ የላትም። ራሷ ነች እንስራውን የምትዞረው።

እኔ ሻሽ ያሰረች አሮጊት ጭንቅላት ሠራሁ። አየችውና «ይቺ ጀበና አንገቷ የታል?» ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ በጣቷ አንኳኳችው። «ሆዷ ሙሉ ነው። ባዶ አድርጊላት» አለች። እኔ እቴ! ሁለት ክረምት ተምሬያለሁ ብዬ ዝም አልኩ።

ደሴ ብርድ ነው፣ ጭቃ ቶሎ አይደርቅም። ሳምንት ጥላ ውስጥ አስቀመጥነው። የማቃጠያው ዕለት እያንዳንዱን ዕቃ እያነሳች ጉንጯ ላይ ታስጠጋለች። ከቀዘቀዛት ውስጡ ውኃ አለ ማለት ነው፣ ወደ ጎን ይቀመጣል። የኔዋን ጉንጯ ላይ አድርጋ ራሷን ነቀነቀች። አውሮፕላኔ ስለደረሰ ግን ትግባ አልኩ። ኩበትና ጭራሮ ተደረደረ፣ በባሕር ዛፍ ቅጠልና በተሰባበረ ሸክላ ተሸፈነ፣ እሳት ተለኮሰ። ሩብ ሰዓት አልሞላም፣ ጧ! የአሮጊቷ አፍንጫ ተወንጭፎ አጥሩ ሥር ወደቀ። ወፍራም ጭቃ ውስጥ የቀረች ውኃ እሳት ሲነካት እንፋሎት ትሆናለች፣ መውጫ ስታጣ ታፈነዳዋለች። ካልጋሪ ምድጃው በቁጥር ስለሚታዘዝ፣ አስተማሪያችንም ስለሚከታተለው ይሄን አንድም ቀን አይቼ አላውቅም።

ቲኬቴን በአሥር ቀን አራዘምኩ፤ ቅጣቱ አሞኛል። ሁለተኛዋን ስሠራ ግድግዳዋን ከጣት ውፍረት አላሳለፍኩም፣ ከአንገቷ ሥርም ቀዳዳ ተውኩላት። ጉንጫችን ላይ ሞቅ እስክትለን ድረስ ሁለታችንም ጠበቅናት። ከእሳቱ ስትወጣ አንድ ጉንጯ ጠቁሮ ነበር፣ ጢስ ነክቷት። አልጠረግኩትም።

ለስምንት ቀን በቀን 400 ብር ከፈልኩ፤ መጀመሪያ እንቢ ብላኝ ነበር። መሄድ የምትፈልጉ ከገበያ ቀን ውጪ ሂዱ፣ ሰኞ ጊዜ የላትም። የሚቆሽሽ ቀሚስ፣ ቡና፣ ትዕግሥት ያዙ። ሰርተፊኬት የለም።

ኮምቦልቻ አየር ማረፊያ ጭንቅላቷን በነጠላ ጠቅልዬ በእጄ ይዤ ገባሁ። ፈታሹ ነጠላውን ገለጠ፣ አያት፣ በጣቱ አንኳኳት።

«ውስጡ ምን አለ እናቴ?»

«ምንም። ባዶ ነው» አልኩት።

አሳለፈኝ።