ለስጦታ የሚሆን ነጠላ፦ የእጅ ጥልፍ ወይስ የመኪና?
ከሽሮ ሜዳ የገዛውን ነጠላ ፒያሳ በሚገኝ ቤቱ ውስጥ አስጊጦ በስጦታ ለመስጠት ያሰበ ሰው፣ ከጥለቱ በላይ የሚያርፈውን ጌጥ በእጁ ይጥለፈው ወይስ በመኪና የሚለውን አስቀድሞ መወሰን ይኖርበታል። መኪናው ፈጣን መሆኑ አያከራክርም፤ ይሁን እንጂ የነጠላ ሽመና ሳሳ ያለ በመሆኑ፣ ከሥሩ ስስ ወረቀት ካልተነጠፈና የክሩ ውጥረት ካልላላ በቀር ጨርቁ ይሸበሸባል፤ ወረቀቱን ከስፌቱ ሥር ለቅሞ ማውጣትም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የእጅ ጥልፍ የሚፈልገው መርፌ፣ ክርና ጨርቁን የሚወጥር ክብ እንጨት ብቻ ሲሆን፣ መብራት ቢጠፋም (በእግር የሚረገጥ መኪና ላለው ይህ አያሳስብም) በመስኮት ብርሃን ይቀጥላል። በእኔ ግምት ለነጠላ እጅ ይሻላል፤ ቶሎ ቶሎ ለሚታጠብ የትራስ ልብስ ግን ጥብቁን የመኪና ስፌት እመርጣለሁ። በሁለቱም መንገድ ቀዩ ክር ቀለሙን እንዳይለቅ አስቀድሞ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ መፈተን ያስፈልጋል።