ኮምፒውተሬን ከማፍጠን በፊት ፋይሎቼን ላተረፉልኝ ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

ይህን የምጽፈው የአሮጌ ዴስክቶፕ ኮምፒውተሬን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር በሌለው ፈጣን ማከማቻ) ለቀየሩልኝ የጥገና ባለሙያ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ፣ እንዲሁም ያረጀ ኮምፒውተር ይዞ «ልጣለው ወይስ ላሠራው» እያለ ለሚያመነታ ሰው እኚህን ባለሙያ ለመጠቆም ነው። ስማቸው በይፋ እንዲጻፍ ስላልፈለጉ አልጠቅሰውም፤ በውስጥ መስመር ለሚጽፍልኝ ግን ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኘዋለሁ።

ኮምፒውተሩ ከተገዛ 14 ዓመት ሆኖታል፤ በእነዚህ ዓመታት የሠራሁት የትርጉም ሥራ በሙሉ የሚገኘውም እሱ ላይ ነው። ከጥቂት ወራት ወዲህ ማብሪያውን ከተጫንኩ በኋላ ሥራ ለመጀመር ሰባት ደቂቃ ያህል መጠበቅ ግድ ሆኖብኝ ነበር። የዲስኩ መብራት ብልጭ ድርግም ማለቱን ትቶ በርቶ ይቀራል፤ ከውስጥ ደግሞ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። በፊት ያሳየሁት ሰው ኬዙን እንኳ ሳይከፍት «አርጅቷል፤ አዲስ ይግዙ» ብሎ መልሶኛል።

እኚህ ባለሙያ ግን ካቻቢቴ ከማንሳታቸው በፊት የጠየቁኝ «ከሁሉ በላይ እንዳይጠፋብዎ የሚፈልጉት ምንድን ነው?» የሚል ነበር። ቀጥለውም ዲስኩ ስለራሱ የሚመዘግበውን ስማርት የተባለውን የጤና መረጃ ከፍተው ሁለት መስመሮችን በጣታቸው እያመለከቱ አስረዱኝ። አንደኛው ዲስኩ ተበላሽተውበት በመጠባበቂያ ቦታ የተካቸውን ሴክተሮች (መረጃ የሚቀመጥባቸውን ትንንሽ ክፍሎች)፣ ሁለተኛው ደግሞ ማንበብ አቅቶት ዕጣቸው ገና ያልተወሰነውን የሚቆጥር ነው። የእኔ ዲስክ በሁለቱም መስመር ላይ ከዜሮ ከፍ ያለ ቁጥር ነበረው። እኔ የማስበው ስለ ፍጥነቱ ብቻ ስለነበር መቼ እንደሚያልቅ ስጠይቃቸው፣ «መጀመሪያ ፋይልዎ ይትረፍ፤ ፍጥነቱ ይደርሳል» አሉኝ። እየተበላሸ ያለ ዲስክ በየጊዜው ሲጠፋና ሲበራ ዳግም ላይነሳ ስለሚችል፣ አንዴ እንደበራ አስፈላጊውን ፎልደር አስቀድመው ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ጀመሩ። ሥራው ሙሉ ቀን ፈጀ። በመጨረሻም ደጋግመው ሞክረው ያልተነበቡላቸውን ሦስት ፋይሎች ስም በወረቀት ጽፈው ሰጡኝ። «ሁሉም ወጥቷል» ቢሉኝ ኖሮ ለማወቅ ዓመት ይፈጅብኝ ነበር፤ ያችን ወረቀት እስካሁን አስቀምጫታለሁ።

ኮምፒውተሩ ለምን እንደዘገየም በሚገባኝ ቋንቋ አስረድተውኛል። የእኔ ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሲሆን፣ አንዱ ዙር ብቻ 8.3 ሚሊሰከንድ ገደማ ይወስዳል፤ አንባቢው ክፍል ወደሚፈለገው መስመር ከተጓዘ በኋላ ደግሞ የሚፈለገው መረጃ ዞሮ ከሥሩ እስኪደርስ መጠበቅ አለበት። ዊንዶውስ ሲነሳ በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎችን ስለሚያነብ፣ ይህ ጥበቃ እየተደመረ ደቂቃዎች ይሆናል። ኤስኤስዲ ግን የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው አንዱን ፋይል ለማግኘት ከሚሊሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ይበቃዋል።

እዚህ ላይ ሐቀኝነታቸውን በተለይ ልመሰክር እወዳለሁ። የኮምፒውተሬ ማዘርቦርድ (ዋናው ሰሌዳ) ሁለተኛው ትውልድ ሳታ፣ ማለትም የቆየ የዲስክ ማገናኛ፣ ያለው በመሆኑ በሰከንድ ከ300 ሜጋባይት በላይ እንደማያስተላልፍ፣ አዲሱ ዲስክ በሰከንድ 550 ሜጋባይት ገደማ የሚያነብ ቢሆንም ግማሽ ያህሉን ብቻ እንደምጠቀም፣ ስለዚህም ውድ የሆነውን ሞዴል መግዛት እንደሌለብኝ ከመግዛቴ በፊት ነገሩኝ። ፕሮሰሰሩና ራሙ እንደነበሩ ስለሚቀሩ ቪዲዮ ማቀናበርን የመሰለ ከባድ ሥራ እንደማይፈጥንልኝም አልደበቁኝም።

መቀየሩ ራሱ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ነበር። የኤሌክትሪክ ገመዱን ነቅለው ማብሪያውን አንዴ በመጫን የቀረውን ኃይል አስወጡ፤ የኬዙን ብረት ነክተው በእጃቸው ያለውን ስታቲክ (በሰውነት ላይ የሚጠራቀም ኤሌክትሪክ) አራገፉ፤ 2.5 ኢንች የሆነውን ኤስኤስዲ በመያዣ ብረት አድርገው በ3.5 ኢንቹ ቦታ ላይ አሰሩት። የላላውንም የሳታ ኬብል በአዲስ ተኩት። የዲስኩን ሙሉ ቅጂ ወደ አዲሱ እንዲያስተላልፉ ብጠይቃቸው አልተስማሙም፤ ከታመመ ዲስክ የተገለበጠ ዊንዶውስ የተበላሹ ፋይሎችን ይዞ ስለሚመጣ እንደ አዲስ መጫን ይሻላል የሚል ነበር ምክንያታቸው። ከመጫናቸው በፊት ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የኮምፒውተሩ መሠረታዊ ቅንብር) ውስጥ ገብተው ኮምፒውተሩ ከዲስኩ ጋር የሚገናኝበትን ስልት ከአሮጌው አይዲኢ ወደ ኤኤችሲአይ ቀየሩት። ይህ ቅንብር ዊንዶውስ ከተጫነ በኋላ ያለ ዝግጅት ቢቀየር ኮምፒውተሩ ሊነሳ እንደማይችል ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ማብሪያውን ስጫን የለመድኩት ድምፅ ስላልተሰማ ያልበራ መስሎኝ ጎንበስ ብዬ ገመዱን አየሁ። ቀና ስል የይለፍ ቃል ማስገቢያው ከፊቴ ተከፍቶ ነበር። ሰባት ደቂቃ ይፈጅ የነበረው አሁን ግማሽ ደቂቃ አይሞላም።

ከሁሉም በላይ ያስደሰተኝ ግን ሳልጠይቃቸው አሮጌውን ዲስክ በከረጢት አድርገው፣ ላዩ ላይ «የተበላሸ፤ አይጠቀሙበት» የሚል ጽሑፍ ለጥፈው መመለሳቸው ነው። ዲስኩ ላይ የደንበኞቼ ምስጢራዊ ሰነዶች ነበሩ፤ ሌላ ሰው እጅ ቢገባ ተጠያቂዋ እኔ ነበርኩ። ኤስኤስዲ ቀጭ ቀጭ ሳይል፣ አንዳንዴም ያለ ምንም ምልክት ድንገት ሊቆም እንደሚችል አስጠንቅቀው፣ በየሳምንቱ ወደ ውጫዊ ዲስክ ባክአፕ እንዲደረግ አስተካክለውልኛል።

ለድካምዎ፣ ለትዕግሥትዎና ለእውነተኛነትዎ ከልብ አመሰግናለሁ፤ እጅዎ ይባረክ። ለአንባቢዎች ደግሞ ባለሙያው አደራ ያሉኝን ላድርስ፦ ከኮምፒውተራችሁ ውስጥ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ የምትሰሙ ከሆነ «እስኪ አሁን ልሞክረው» እያላችሁ ደጋግማችሁ አታብሩት፤ አጥፉትና ለባለሙያ አሳዩት።