የባለ 8 ፖርት ስማርት ስዊቾች የመልቲካስት አያያዝ፦ ጆሮ አላቸው፣ ጠያቂስ?

«አይጂኤምፒ ስኑፒንግ አለው» የሚለው መስመር ዛሬ ከርካሽ ስማርት ስዊች ሳጥን ላይ አይጠፋም። ውሸት አይደለም፤ ግን የነገሩ ግማሽ ነው። መልቲካስት አንድ ላኪ ለብዙ ተቀባዮች በአንዴ የሚልከው ትራፊክ ነው፤ አይጂኤምፒ ተቀባዮች የሚፈልጉትን የሚናገሩበት ፕሮቶኮል፣ ስኑፒንግ ደግሞ ስዊቹ ያንን ንግግር ማዳመጡ ነው። እዚህ የምንመዝነው አንድን ሞዴል ሳይሆን በድረ ገጽ የሚስተካከሉትን ትናንሽ የጊጋቢት ስዊቾች በጠቅላላው ነው።

ተራው ስዊች የመልቲካስት ትራፊክን እንደ ብሮድካስት ቆጥሮ ወደ ሁሉም ፖርት ይረጨዋል። አንድ የቴሌቪዥን ቻናል በሰከንድ 8 ሜጋቢት ቢወስድ 12 ቻናል 96 ሜጋቢት ይሆናል። በ100 ሜጋቢት የተያያዘ ፕሪንተር አንድም ቻናል ሳይጠይቅ መስመሩ ይሞላበታል። ስኑፒንግ ያለው ስዊች ግን ጆሮውን ጥሎ ያዳምጣል። ተቀባዩ «239.1.1.5 ይምጣልኝ» የሚል ሪፖርት ሲልክ ፖርቱን በሰንጠረዡ ይመዘግብና ያንን ግሩፕ (በአንድ የመልቲካስት አድራሻ የሚላከውን ፍሰት) ለእሱ ብቻ ያደርሳል። እስከዚህ ድረስ ርካሾቹም አያሳፍሩም።

ጣጣው ምዝገባው ዕድሜ ያለው መሆኑ ነው። በመደበኛው አሠራር «ማን ምን ይፈልጋል?» የሚል ጥያቄ በየ125 ሰከንዱ ይላካል፤ ተቀባዮችም በ10 ሰከንድ ውስጥ ይመልሳሉ። በ260 ሰከንድ ውስጥ ያልታደሰ ምዝገባ ይሰረዛል። ጠያቂው፣ ማለትም ኩዌሪየሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ መልቲካስት የሚያስተላልፍ ራውተር ነው፤ እንዲህ ያለ ራውተር በሌለበት ኔትወርክ ግን የሚጠይቅ የለም። ቪዲዮው አምሮ ይጀምርና ከ4 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ገደማ በኋላ ወይ ቀጥ ይላል፣ ወይ ትራፊኩ እንደገና በየፖርቱ ይረጫል። ይህን ምልክት ያየ ሰው ኬብል መቀያየሩን ትቶ ኩዌሪየር ይፈልግ። ስለዚህ በውስጡ ኩዌሪየር የሌለውን ስዊች ለብቻው እንዲሠራ አንመክርም፤ የቀረው ገጽታው የቱንም ያህል ቢያምር።

ኩዌሪየር ያላቸውም ቢሆኑ ይለያያሉ። አንዳንዶቹ ጥያቄውን ከ0.0.0.0 አድራሻ ይልካሉ፤ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ችላ የሚሉ መሣሪያዎች አሉ፤ ለቪላኑ (በስዊቹ ውስጥ ለተከፈለው ንዑስ ኔትወርክ) ትክክለኛ አይፒ መስጠት ይህን ይፈታዋል። ሁለት ኩዌሪየሮች ቢገናኙ አነስተኛው አይፒ ያሸንፋል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሌሎቹ ስዊቾች ግሩፑን ሁሉ ወደ ኩዌሪየሩ አቅጣጫ ይልካሉና። ኩዌሪየሩ ከቀጭን መስመር ጫፍ ላይ ከተቀመጠ ማንም የማያየው ቻናል ሳይቀር በዚያ መስመር ይጎርፋል። አነስተኛውን አይፒ ለመካከለኛው ስዊች ስጡት።

ያልተመዘገበ መልቲካስት ይታገድ ወይስ ይረጭ የሚለው ምርጫ ሌላው ወጥመድ ነው። ኩዌሪየሩ ሳይነሳ እገዳውን መጫን ሁሉንም ያጨልማል። መጀመሪያ ኩዌሪየሩን አስነሱ፣ ቀጥሎ ሰንጠረዡ ላይ ግሩፖቹ መታየታቸውን አረጋግጡ፣ እገዳው የመጨረሻው ይሁን። ሰንጠረዡን ጨርሶ የማያሳዩ ሞዴሎችም አሉ፤ እነሱን መተው ነው። ደህና ስዊች ከ224.0.0.0 እስከ 224.0.0.255 ያለውን ሁልጊዜ ያሳልፋል፤ 224.0.0.251ን የሚጠቀመው ኤምዲኤንኤስም (በቤት ኔትወርክ መሣሪያዎች በስም የሚፈላለጉበት) በዚህ ይድናል። ስማርት ቴሌቪዥኖች የሚፈላለጉበት 239.255.255.250 ግን ከዚህ ክልል ውጭ ስለሆነ ምዝገባው ካልታደሰ ይጠፋል።

አድራሻ ስትመርጡም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከአይፒው ወደ ማክ አድራሻ (ስዊቾች ትራፊክን ለመለየት ወደሚያዩት አድራሻ) የሚገለበጡት የመጨረሻዎቹ 23 ቢቶች ብቻ ስለሆኑ 32 ግሩፖች አንድ ማክ ይጋራሉ። በማክ የሚለይ ስዊች 239.1.1.1ን ከ239.129.1.1 አይለይም። በ239.0.0 እና በ239.128.0 የሚጀምሩት ደግሞ ማካቸው ከ224.0.0 ክልል ጋር ስለሚገጥም ስኑፒንግ እያለም ሊረጩ ይችላሉ። ሽሿቸው።

ፋስት ሊቭ፣ ማለትም ተቀባዩ «ልውጣ» እንዳለ ግሩፑን ወዲያው የሚቆርጠው ቅንብር፣ ቻናል ለሚቀያይር ተመልካች ጥሩ ነው፤ ያለ እሱ የድሮው ቻናል ለ2 ሰከንድ ያህል ከአዲሱ ጋር አብሮ ይወርዳል። ግን አንድ ተቀባይ ብቻ ባለው ፖርት ላይ ይሁን። ከሥሩ ሌላ ስዊችና ሁለት ቴሌቪዥን ካሉ አንዱ ሲወጣ የሌላውም ምስል ይቆረጣል።

ለአይፒ ስሪት 6 የሚያስፈልገው፣ የአይጂኤምፒው አቻ የሆነው ኤምኤልዲ ስኑፒንግ በዚህ ምድብ ብዙ ጊዜ ይጎድላል። ብዙ ቪላን ወይም በርካታ ስዊች ላለበት ቦታ አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ ሙሉ ማኔጅድ (ቅንብሩ ሁሉ የሚስተካከል) ስዊች መግዛት ይሻላል።

የመመለሻ ጊዜው ሳያልፍ ሦስት ኮምፒውተር አያይዙ። በአንዱ ከቪኤልሲ (የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም) ወደ 239.1.1.5 ቪዲዮ ልቀቁ፣ በሁለተኛው ተቀበሉ፣ በሦስተኛው ዋየርሻርክ (የሚያልፈውን ፓኬት የሚያሳይ ፕሮግራም) ክፈቱና 10 ደቂቃ ጠብቁ። ሦስተኛው ላይ በየ125 ሰከንዱ ጥያቄው ብቻ ከታየና ሁለተኛው ሳይቆራረጥ ካሳየ ስዊቹ ይቅር፤ የቪዲዮው ፓኬት ሦስተኛው ላይ ከዘነበ ወይም ምስሉ አምስተኛው ደቂቃ ሳይሞላ ከቆመ፣ ቅንብሩን አንድ ጊዜ ፈትሻችሁ ካልተስተካከለ መልሱት።