የኮምቦልቻው የመኪና ኤሌክትሪሽያን፦ አሮጌ ቮልስ ላላችሁ

ወሎ ውስጥ አሮጌ ቮልስ የምትነዱ ካላችሁ ይህን አንብቡልኝ። ኮምቦልቻ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ አንድ ጠና ያሉ ኤሌክትሪሽያን ብቻቸውን የሚሠሩባት ጠባብ ጋራዥ አለች። ለድሮ መኪና እሳት (ቤንዚኑን ለሚያቀጣጥለው ብልጭታ) እስካሁን ካየሁት እጅ ሁሉ የሳቸው ይበልጣል።

የኔዋ ቮልስ ሜዳ ላይ ደህና ነበረች። ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት መውጣት ስትጀምር ግን ሞተሯ ሲሞቅ ትንተፋተፋለች፣ ከዚያ ቀጥ። ቆማ ስትቀዘቅዝ ምንም እንዳልነበረ ትነሳለች። ሌላ ጋራዥ ወሰድኳት፣ ካርቡሬተር አጠቡ፣ የቤንዚን ፓምፕ ቀየሩ፣ ገንዘባቸውን ተቀበሉ፣ ችግሩ ግን እዚያው።

እኚህ ሰው "አብሽር ልጄ፣ መጀመሪያ እሳቱን እንየው" አሉኝ። አንድ ካንዴላ (ብልጭታውን የሚሰጠውን) ፈትተው ከነገመዱ የሞተሩ ብረት ላይ አስጠጉና አስነሳ አሉኝ። ብልጭታው ቀጭንና ቢጫ ነው። ደህና እሳት ወፈር ብሎ ሰማያዊ ነው የሚሆነው። የዲስትሪቢዩተሩን (እሳቱን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለው) ክዳን ሲያነሱ የፑንቲናው (እየገጠመ እየተላቀቀ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠው) አንዱ ፊት ጎድጉዷል፣ ሌላው ላይ ጉብታ ወጥቷል። ኮንደንሰሩ ላይ የጠረጠሩት ይህን አይተው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የባትሪው 12 ቮልት ካንዴላ ላይ እሳት አያዘልልም። ፑንቲናው ሲገጥም ኮይሉ (ቮልቱን ከፍ የሚያደርገው የሽቦ ጥቅል) ውስጥ መግነጢስ ይፈጠራል፣ ሲላቀቅ ደግሞ መግነጢሱ ድንገት ይጠፋና ብዙ ዙር በተጠቀለለው ቀጭን ሽቦ ላይ እስከ 20,000 ቮልት ሊደርስ የሚችል ኃይል ይወጣል። ቶሎ እንዲጠፋ የሚረዳው ኮንደንሰሩ ነው፣ ፑንቲናው ላይ ሊዘል የሚፈልገውን ኤሌክትሪክ ይቀበለዋል። እሱ ሲደክም እሳቱ ካንዴላው ላይ መሆኑ ቀርቶ ፑንቲናውን ያቃጥላል፣ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 3,000 ሲዞር ይህ ሁሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ይሆናል!

ኮንደንሰርና ፑንቲና ቀየሩ። ክፍተቱን በስስ የብረት መለኪያ 0.4 ሚሊሜትር ላይ አደረጉት፣ ታይሚንጉን (እሳቱ የሚዘልበትን ቅጽበት) ያስተካከሉት ከዚያ በኋላ ነው፣ ያውም በአምፖል እያዩ። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፣ የፑንቲናው ክፍተት ሲነካ ታይሚንጉም አብሮ ይዛባል። በጆሮ ብቻ አዳምጦ ዲስትሪቢዩተር የሚያዞር ሰው መኪናዬን ባይነካብኝ እመርጣለሁ። ክዳኑም ስንጥቅ እንዳለው አዩልኝ፣ በደሴ የክረምት ጉም እርጥበት ሲገባበት እሳት የሚሾልከው በዚያ ነው። ኮይሉን ለክተው ደህና ነው ብለው ተዉት። ዋጋውን ሥራ ሳይጀምሩ ነገሩኝ፣ የወጣውንም ዕቃ በእጄ ሰጡኝ። አሁን ሐረጎን ያለ ምንም ችግር ትወጣለች።

ቅሬታዬ ሁለት ነው። ወረፋው ረጅም ነው፣ ዕቃም አያስቀምጡም። ለቮልስ የሚሆነውን ከአዲስ አበባ፣ ከመኪና ዕቃ መሸጫው ከሶማሌ ተራ ማስመጣት ሊኖርባችሁ ይችላል። በነገራችን ላይ የመኪናችሁ ችግር ሲሞቅ ብቻ የሚመጣ ከሆነ፣ ሞተሩን ሳታቀዘቅዙ በቀጥታ ውሰዱላቸው።