ሳፋሪኮም በድሬዳዋና በሐረር፦ ለሁለተኛ ሲም ይሆናል

የሳፋሪኮም ኢትዮጵያን ኔትወርክ መጀመሪያ የሞከረው የአዲስ አበባ ሰው አይደለም። ድርጅቱ ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ሙከራውን ድሬዳዋ ላይ ጀመረ፤ ሐረርና ሐሮማያ ተከተሉ፤ በአዲስ አበባ በይፋ የተመረቀው መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ለአንዴ እንኳ ድሬ ቀድማለች። እኛ የምንለው ይህ ነው፦ ለዳታ ይግዙት፣ የኢትዮ ቴሌኮም 09 ቁጥርዎን ግን አይጣሉ።

ሲም ለማውጣት መታወቂያ ያስፈልጋል፤ ፋይዳ ካለዎት ሥራው ይቀላል። ወኪሉ መታወቂያዎንና ፊትዎን ፎቶ አንሥቶ በራሱ ስልክ ይመዘግባል። እዚያው ቆመው ስምዎ በትክክል መጻፉን ይዩ። "መሐመድ" እና "ሙሐመድ" ተለዋውጠው ቢገቡ ለጊዜው ምንም አይመስልም፤ ኋላ ኤም-ፔሳ ሲከፍቱ ወይም የጠፋ ሲም ሲያስተኩ ግን መዘዙ ይመጣል። ሲሙን በሌላ ሰው ስም ማውጣትም እንደዚሁ ነው፤ የሲሙ ባለቤት በመዝገብ ላይ ያለው ሰው ነው።

ብዙ ሰው የሳፋሪኮሙን 07 ከ09 ጋር በአንድ ስልክ ይይዛል። በሴቲንግ ውስጥ ዳታውን ለ07፣ ጥሪውን ለ09 ያድርጉ። እዚህ ላይ "ኔትወርኩ ይጠፋል" የሚል ቅሬታ ይሰማል፤ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የስልኩ ነው። አብዛኛው ባለ ሁለት ሲም ስልክ በጥሪ ጊዜ አንዱን መስመር ብቻ ነው የሚያሠራው፤ በ09 እያወሩ ሳሉ የ07 ዳታ ይቆማል። ጥሪው ሲያልቅ በሰከንዶች ውስጥ ይመለሳል። ካልተመለሰ አውሮፕላን ሞድ ከፍተው ይዝጉት። ሌላም አለ፦ ስልኩ በ4ጂ ላይ ድምፅ ማስተላለፍ የማይችል ከሆነ፣ በራሱ በ07 ሲደወልም ወደ 3ጂ ወይም 2ጂ ይወርዳል። ለዚህ ነው ጥሪው ከመጥራቱ በፊት ጥቂት ሰከንድ ዝም የሚለው። ከድሬው ታይዋን ገበያ ያገለገለ ስልክ ሲገዙ ሻጩ ፊት ሲም ከተው፣ 4ጂ ምልክቱ መውጣቱንና በጥሪ ጊዜ አለመጥፋቱን አይተው ይክፈሉ።

ፍጥነቱን በምልክቱ ዘንጎች አይፍረዱ። በአንድሮይድ ሴቲንግ ውስጥ "አባውት ፎን" ገብተው የሲሙን ሁኔታ ሲከፍቱ በዲቢኤም (የምልክት ጥንካሬ መለኪያ) የተጻፈ ቁጥር ያገኛሉ። በ4ጂ ላይ −90 ወይም ወደ ዜሮ የቀረበ ከሆነ ደህና ነው። ከ−100 እስከ −110 ቪዲዮ መቆራረጥ ይጀምራል፤ ከ−115 ካለፈ ጥሪም አያስተማምንም። ድሬ ውስጥ ከዚራ መንገድ ላይ ያገኙትን ቁጥር ሳቢያን መኝታ ቤትዎ ውስጥ አይጠብቁ። ቆርቆሮ ጣሪያ ሞገዱን ይመልሳል፤ ከጣሪያው ሥር ያለ ሚፋይ (ሲም የሚገባበት ተንቀሳቃሽ ዋይፋይ) ወደ መስኮት ሲጠጋ ብቻ ቁጥሩ በ10 ሊሻሻል ይችላል።

ሐረር ጀጎል ውስጥ ችግሩ ሌላ ነው። የቤቶቹ የድንጋይ ግድግዳ ወፍራም፣ መንገዱ ጠባብ ነው፤ ሞገድ በር ላይ ደርሶ ውስጥ ይደክማል። ሸዋ በር አደባባይ ላይ በደንብ የሚሠራ ሲም ነደባው (የሐረሪ ቤት መቀመጫ መደብ) ላይ ቁጭ ሲሉ ሊያስቸግር ይችላል። መፍትሔው ሚፋዩን ሰገነት ወይም ግቢ በኩል ባለ መስኮት ላይ አስቀምጦ ስልኩን በዋይፋይ ማገናኘት ነው። ከድሬ ወደ ሐረር ሲወጡም ደንገጎ ዳገት ላይ ተራራው ማማውን ስለሚከልል የሚፈልጉትን ከመነሳትዎ በፊት ያውርዱ። የድሬ ሙቀትም የራሱ ጣጣ አለው፦ ሆትስፖት የተከፈተ ስልክ ፀሐይ ላይ ከተቀመጠ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሰውም ኔትወርኩን ያማል።

ጥቅል የሚገዛው በ*777# ነው። ስንት ጊጋ እንደሚበቃዎ ሲያሰሉ፣ በ480ፒ ጥራት የአንድ ሰዓት ቪዲዮ ከ500 እስከ 700 ሜጋባይት ይበላል ብለው ይያዙ፤ የአንድ ሰዓት ሙዚቃ ግን 60 ሜጋባይት ቢሆን ነው። ዳታውን ሳይታይ የሚጨርሰው ቴሌግራም ነው። በሞባይል ዳታ ቪዲዮና ፋይል በራሱ እንዳያወርድ ይዝጉት፤ የፎቶ ባክአፕንም እንዲሁ።

ኤም-ፔሳ በ*733# ይከፈታል። ገንዘብ ሲልኩ ፒን ከማስገባትዎ በፊት የሚወጣውን የተቀባይ ስም ያንብቡ። ለማውጣት ወደ ወኪል ሲሄዱ "በቂ ጥሬ ብር አለህ?" ብለው አስቀድመው ይጠይቁ፤ ትልቅ ገንዘብ ከሆነ ከሰዓት በፊት ይሻላል። "ተሳስቼ ልኬብሃለሁ፣ መልስልኝ" የሚል ሰው ቢደውል መልእክቱን አይመኑ፣ ቀሪ ሂሳብዎን ይዩ፤ እውነት ከሆነም ማስተካከያው በ700 በኩል ይሁን። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ስለጀመረ፣ ኤም-ፔሳም ነሐሴ 2015 ስለመጣ፣ ቀፊራ ገበያ ላይ በኤም-ፔሳ ብቻ ተማምነው አይውጡ።

ከዚህ ሲም ጀርባ ያለው ገንዘብ ዋጋውንም ያስረዳል። በግንቦት 2013 ፈቃዱን ያሸነፈው ጥምረት 850 ሚሊዮን ዶላር ነበር ያቀረበው። መሪው የኬንያው ሳፋሪኮም ነው፤ የደቡብ አፍሪካው ቮዳኮም፣ የእንግሊዙ ቮዳፎን፣ የጃፓኑ ሱሚቶሞና የእንግሊዝ መንግሥት የልማት ፋይናንስ ተቋም አብረውት ነበሩ። የተሸነፈው ተጫራች የደቡብ አፍሪካው ኤምቲኤን ነበር፣ በ600 ሚሊዮን ዶላር። የውጭ ኢንቨስትመንት ሲባል ቻይናና ቱርክ ብቻ ለሚታየን፣ የጎረቤት አገር ኩባንያ ይህን ያህል ማውጣቱ ትንሽ ነገር አይደለም። የሞባይል ገንዘብ ግን በዚያ ክፍያ ውስጥ አልነበረም፤ ሕጉ ተሻሽሎ በግንቦት 2015 ፈቃድ የተሰጠው ሌላ 150 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎበት ነው።

ማማ የሚተከለው፣ መሣሪያ የሚገዛው በዶላር ነው፤ ከእኛ የሚሰበሰበው ብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ኩባንያው ከአንድ የድሬ ደንበኛ የሚያገኘው ብር ባይቀንስም በዶላር ሲቆጠር ወደ ግማሽ ወረደ ማለት ነው። ደንበኛ ለመሳብ የወጣ ርካሽ ጥቅል በዚህ ሂሳብ ለዘለዓለም አይቆይም። ስለዚህ የሱቅ ወይም የቢሮ ወጪ ሲያቅዱ ያለፈውን ወር ዋጋ አይያዙ፤ በየወሩ *777# ላይ አዲሱን አይተው ከ09ኙ ጋር በጊጋ አካፍለው ያወዳድሩ። ሲያወዳድሩ የሌሊት ጊጋውን ከጠቅላላው ይቀንሱት፤ ሌሊቱን ነቅተው ካላደሩ በስተቀር አይጠቀሙበትም።